ማዘርቦርዱን ከመቀየርዎ በፊት፦ ሳይታሰብ ስለሚጠፋ የቤት ኮምፒውተር

ውድ ጠያቂ፣

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። 6 ዓመት ያገለገለ የቤት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለዎት። ጽሑፍ ሲጽፉበትና ኢንተርኔት ሲመለከቱበት ለሰዓታት ያለ ችግር ይሠራል፤ ቪዲዮ ሲያቀናብሩበት ወይም ልጆችዎ ጌም ሲጫወቱበት ግን ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ሳያሳይ፣ ከነፋኖቹ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ወዲያው ሊያበሩት ሲሞክሩ ቁልፉን ቢጫኑትም አይነሣም፤ ሶኬቱን ነቅለው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ግን ይነሣል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭነውበት ለውጥ አላገኙም። አንድ ጠጋኝ ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ስለተበላሸ መቀየር አለበት ብሎዎታል፤ እርስዎም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሌላ አስተያየት ፈልገዋል።

በቅድሚያ ግልጽ ላድርገው፦ ማዘርቦርዱን አሁን አይቀይሩ። የገለጿቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ሥራ ሲበዛበት መሆኑ፣ ሲጠፋ ምንም መልእክት አለማሳየቱ፣ እንዲሁም ሶኬቱ ተነቅሎ እስኪቆይ ድረስ ለቁልፉ አለመታዘዙ፣ አንድ ላይ ሲታዩ ከማዘርቦርዱ ይልቅ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ቀይሮ ለክፍሎቹ ወደሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ያመለክታሉ። ይሁንና ፓወር ሰፕላይም ቢሆን በግምት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሙቀትን መመርመር ምንም ወጪ ስለማይጠይቅ መጀመሪያ እርሱን እናጣራለን፤ ከዚያም ወደ ኃይሉ እንሄዳለን። ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያለ በድንገት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ክፍል ራሱንና ሌሎቹን ከጉዳት ለማዳን ኃይሉን ያቋረጠ በመሆኑ፣ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ከመጠየቅ በፊት ያጠፋው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የማይተኩ ፋይሎችዎን፣ በተለይም ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ኮምፒውተር በድንገት በጠፋ ቁጥር በዚያች ቅጽበት ወደ ዲስኩ እየተጻፈ የነበረው መረጃ ሳይጠናቀቅ ይቀራል፤ ይህ ሲደጋገም የፋይሎቹ አደረጃጀት ራሱ ሊናጋ ይችላል። ከምጠቅሳቸው ሙከራዎች አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩን ሆን ብሎ እስኪጠፋ ድረስ ማስጨነቅን ስለሚጠይቁ፣ ቅጂ ሳይያዝ ወደ እነርሱ መግባት ተገቢ አይደለም።

ኮምፒውተርን ሊያጠፉ የሚችሉት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ እርሱ ሲያጠፋ ፕሮግራሞችን ዘግቶና በመዝጋት ላይ መሆኑን በስክሪኑ ላይ አሳውቆ ነው። ውስጣዊ ስሕተት አጋጥሞት ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ አይቀርም፣ ተመልሶ ይነሣል። ሁለተኛው ሲፒዩውና (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ማዘርቦርዱ በጋራ የሚሠሩበት የሙቀት መከላከያ ነው። ሦስተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ በውስጡ የተገጠሙት መከላከያዎች አደጋ ሲያዩ ኃይሉን ያቋርጣል፣ ወይም ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ራሱ ሲዋዥቅበት መስጠት ያቅተዋል። ኮምፒውተርዎ ተመልሶ የማይነሣና ፋኖቹም የሚቆሙ በመሆኑ ጉዳዩ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ፋኖቹ መዞራቸውን ቢቀጥሉ ኖሮ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔ ግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣውን ክፍል)፣ የስክሪኑን ኬብል ወይም ኮምፒውተሩ ወደ እንቅልፍ የሚገባበትን ቅንብር እንመረምር ነበር።

ይህንን ከዊንዶውስ መዝገብም ማረጋገጥ ይቻላል። ኢቨንት ቪውወር የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው፣ ዊንዶውስ ሎግስ ከሚለው ሥር ሲስተም የሚለውን ይምረጡና ኮምፒውተሩ በጠፋበት ሰዓት አካባቢ የተጻፈውን ያንብቡ። ከርነል ፓወር በሚል ስም ቁጥር 41 የሆነ ማስታወሻ ማግኘትዎ አይቀርም። ብዙዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ የችግሩን ስም ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን 41 የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው፣ የሚጻፈውም በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ነው። ጠቃሚው ነገር ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። በግችክ ኮድ ከሚለው ስም ፊት ለፊት 0 ከተጻፈ ዊንዶውስ ምንም ስሕተት ሳይመዘግብ ኃይሉ ተቋርጦበታል ማለት ነው፤ ሌላ ቁጥር ካለ ግን ሰማያዊ ስክሪን ነበረና ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና ወደ ድራይቨር (ዊንዶውስ ክፍሎቹን የሚያሠራበት ፕሮግራም) መሄድ ይኖርብናል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ፓወር በተን ታይምስታምፕ የሚለው ከ0 የተለየ ቁጥር ከያዘ ደግሞ የማብሪያ ቁልፉ ተጭኖ እንደቆየ ያመለክታል፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ። ቁጥር 1074 ካዩ አንድ ፕሮግራም ወይም ሰው በትእዛዝ አጥፍቶታል። ከዚያው ከከርነል ፓወር የተጻፈ ቁጥር 86 ካዩ ደግሞ ያጠፋው ሙቀት መሆኑን ዊንዶውስ ራሱ መስክሮልዎታል።

ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንዎ ለምን ለውጥ እንዳላመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያም ሆኖ ሶፍትዌርን ሙሉ በሙሉ ከተጠርጣሪነት ለማውጣት ከፈለጉ ኮምፒውተሩን ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚሠራው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም፣ ያስገቡትና እዚያው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ የለም፣ ድራይቨር የለም፣ ቫይረስም የለም። እዚያ ላይ እያለ ከጠፋ ችግሩ ያለ ጥርጥር የሃርድዌር ነው። ሳይጠፋ መቆየቱ ግን በራሱ ነጻ አያወጣውም፤ ምክንያቱም ባዮስ ግራፊክስ ካርዱን ስለማያሠራው ኮምፒውተሩ የሚስበው ኃይል ጌም ላይ ከሚስበው እጅግ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ሙቀት እንለፍ። የዛሬ ሲፒዩዎች ሙቀታቸው ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ወዲያው አይጠፉም፤ በቅድሚያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህም አልበቃ ብሎ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ካለፈ ነው ኃይሉ እንዲቋረጥ ምልክት የሚሰጡት። ስለዚህ በሙቀት የሚጠፋ ኮምፒውተር በአብዛኛው ከመጥፋቱ በፊት ይንቀረፈፋል፣ ፋኖቹም ድምፃቸው ከፍ ይላል። ጌሙ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ፣ የፋኑ ድምፅም ሳይለወጥ በቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ከሙቀት እየራቀ ወደ ኃይል ይሄዳል። የቤተሰቡ አባላት ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ደቂቃ እንዲያስተውሉ ይንገሯቸው፤ ይህ መረጃ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥ ይረዳል።

በዓይን ከማየት የተሻለው ግን መመዝገብ ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሲፒዩውንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት በየጥቂት ሰከንዱ ወደ ፋይል እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ምዝገባውን ያስጀምሩና ኮምፒውተሩን እንደ ልማዱ ይጠቀሙበት፤ ከጠፋና ከተነሣ በኋላ ፋይሉን ከፍተው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሳይጻፉ ሊቀሩ ቢችሉም አካሄዱ በግልጽ ይታያል። ሲፒዩው በሥራ ብዛት እስከ 80 ወይም 85 ዲግሪ ደርሶ እዚያ ላይ ከረጋ የሚያሳስብ አይደለም፤ ግራፊክስ ካርድም እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ሥራውን በሰላም ይሠራል። ሲፒዩው ሥራ በተሰጠው በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ የሚወጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ከመፈለግዎ በፊት ማቀዝቀዣውን ያስተካክሉ።

የማቀዝቀዣ ችግር ሲባል ሁሉም ሰው አቧራን ያስባል፤ እውነትም 6 ዓመት ባልተከፈተ ኮምፒውተር ውስጥ አቧራው በፋኑና በሂትሲንኩ (የሲፒዩውን ሙቀት የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) ክንፎች መካከል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ከነቀሉ በኋላ በታመቀ አየር ያጽዱት። አየሩን ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፣ ከአቅሙ በላይ ከተሽከረከረ ማዞሪያው ይጎዳልና። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም ወደ ማዘርቦርዱ አያስጠጉ፤ የሚፈጥረው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፖችን ሊያቃጥል ይችላል። ከአቧራው ባልተናነሰ ግን ሂትሲንኩ የሚቀመጥበትን ሁኔታ እንዲያዩ አሳስባለሁ። ከአንዳንድ ሲፒዩዎች ጋር አብረው የሚመጡት ማቀዝቀዣዎች በማዘርቦርዱ ላይ የሚያዙት በአራት የፕላስቲክ መቆለፊያዎች ነው፤ ከአራቱ አንዱ ከቦታው ከወጣ ሂትሲንኩ ዘንበል ይልና ከሲፒዩው ጋር ያለው ንክኪ ይጎድላል። ፋኑ እየዞረ፣ ከላይ ሲታይም ሁሉ ነገር ደህና እየመሰለ፣ ሲፒዩው ግን ይቃጠላል። በእጅዎ ቀስ ብለው ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ምክንያቱን አግኝተዋል። ሂትሲንኩን ካነሡት ደግሞ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከሲፒዩው ወደ ሂትሲንኩ የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አዲስ ሳይቀቡ አይመልሱት፤ መሐል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ትበቃለች።

የሙቀቱ ፋይል ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ እኔም እንደዚያ እንደሚሆን እገምታለሁ፣ ወደ ኃይሉ እንሂድ። እዚህ ላይ የሚጀመረው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። ኮምፒውተሩ በማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ከማከፋፈያው ያውጡትና በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኙት። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚገባው የኃይል ኬብል በቦታው ጠብቆ መግባቱን ይፈትሹ፤ ላልቶ የነበረ ኬብል ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ኃይሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ከዚያው ሶኬት ላይ የጠረጴዛ መብራት ይሰኩና ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይል እንደሆነ ይመልከቱ። አንድ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥበት በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ሊቆይ የሚችለው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ግን ይህችንም ስለማይችላት ሌሎች ዕቃዎች ሳይሰማቸው ባለፈ አጭር መዋዠቅ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ካለው ደግሞ ያለ ዩፒኤሱ ይሞክሩት። ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ ከባድ ጭነት ሲመጣበት ራሱ ይጠፋል፤ በተጨማሪም በባትሪ ላይ ሲሆን ትክክለኛውን የሳይን ሞገድ የማያወጡ ዩፒኤሶች ከአንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ጋር ሳይስማሙ ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የቀረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ፣ አጭር ዑደት (ሾርት) ወይም የራሱ ሙቀት ሲያጋጥመው እንዲዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከተዘጋ በኋላም ብዙዎቹ ተቆልፈው ይቆያሉ፤ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ተነቅሎ በውስጣቸው የቀረው ኃይል እስኪያልቅ፣ ወይም እስኪበርዱ ድረስ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ቢጫኑ አይታዘዙም። እርስዎ ሶኬቱን ነቅለው ካቆዩ በኋላ እንደሚነሣ የጻፉት ትልቅ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ነቅሎ በማቆየት በየጊዜው እንዲህ በታማኝነት ይነሣል ብሎ ለማመን ይከብዳል።

ለመሆኑ ለዓመታት የሠራ ፓወር ሰፕላይ ዛሬ ለምን አቃተው? በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) በሙቀት ያረጃሉ። በሙያው የሚታወቀው ግምት ካፓሲተሩ የሚሠራበት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ ነው። ካፓሲተሮቹ ሲደክሙ ፓወር ሰፕላዩ ቀላል ጭነት ላይ ምንም ሳይታይበት፣ ጭነቱ በድንገት ሲጨምር ግን ቮልቴጁን መያዝ ያቅተዋል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ኃይል የሚስበው በእኩል መጠን አይደለም፤ ከሺሕ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተጻፈለት ዋት በላይ ብዙ ይዘላል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መመሪያ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ ያህል ከተጻፈላቸው ኃይል እስከ እጥፍ የሚደርስ ዝላይ እንዲችሉ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የእርስዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ይህን ዝላይ እንደ አደጋ ቆጥሮ ቢዘጋ አይገርምም። በነዚህ 6 ዓመታት ውስጥ ከቀድሞው የበለጠ ኃይል የሚስብ ግራፊክስ ካርድ አስገብተው ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል።

ከፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። ትልቁን የዋት ቁጥር ብቻ አይመልከቱ፤ ሲፒዩውም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ በዚያ መስመር ላይ የተጻፈውን አምፔር በ12 ያባዙት። 500 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት ላይ 20 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በእውነት የሚጠቅምዎ 240 ዋት ነው። የ65 ዋት ሲፒዩና የ150 ዋት ግራፊክስ ካርድ አብረው ሲሠሩ፣ የዲስኮቹና የፋኖቹ ሲታከል፣ ከዚህ ልክ ላይ ይደርሳሉ፤ ለዝላዩ የሚተርፍ ነገር የለም። ግራፊክስ ካርዱ ኃይል የሚያገኝበትንም ኬብል ይመልከቱ። ከዲስክ የኃይል መሰኪያ ወደ ግራፊክስ ካርድ የሚቀይር አስማሚ ተጠቅመው ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ሳታ የተባለው የዲስክ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት ሊያስተላልፍ የሚችለው 54 ዋት ሲሆን ባለ 6 ፒኑ የግራፊክስ መሰኪያ ግን እስከ 75 ዋት ይስባል። ይህ ከመጥፋትም አልፎ እሳት የሚያስነሣ ነገር ነው። ወደ ሲፒዩውና ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚሄዱትን መሰኪያዎች ነቅለው ፕላስቲካቸው ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ እንደሆነ ይፈትሹ።

ፓወር ሰፕላዩን ሳይገዙ ለመፈተን የሚያስችል፣ እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው ዘዴ ጭነቱን መቀነስ ነው። በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ቅንብር ውስጥ የሲፒዩው ከፍተኛ አቅም 100 በመቶ የሚለውን ወደ 99 በመቶ ያውርዱት፤ ይህች አንዲት በመቶ ሲፒዩው ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን ሥርዓት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ታቆመዋለች። የግራፊክስ ካርዱንም የኃይል ጣሪያ እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም ወደ 60 ወይም 70 በመቶ ዝቅ ያድርጉና ልጆቹ እንደተለመደው ይጫወቱበት። ቀድሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋ የነበረው ኮምፒውተር ለቀናት ሳይጠፋ ከቆየ፣ የሙቀት ፋይሉም አስቀድሞ ንጹሕ ከነበረ፣ ችግሩ የኃይል ነው ብሎ መደምደም ይቻላል።

ማረጋገጫውን ለማጠንከር ሲፒዩውንና ግራፊክስ ካርዱን ለየብቻ ማስጨነቅ ይቻላል። ፕራይም95 ሲፒዩውን ብቻ፣ ፈርማርክ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ያስጨንቃሉ። ሙቀቱን እየተከታተሉ እያንዳንዳቸውን ለጥቂት ደቂቃ ያስኬዱ። ሁለቱም ለየብቻ ሲሄዱ ሳይጠፋ፣ አብረው ሲሄዱ ግን የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ የአንዱ ክፍል ሳይሆን የጠቅላላው ኃይል መሆኑ ይለያል። የቮልቴጅ መለኪያ ቴስተር ያላቸው ሰዎች በፓወር ሰፕላዩ ቢጫና ጥቁር ሽቦዎች መካከል ይለካሉ፤ ንባቡ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ መጥፎ ነው፤ በዚህ ውስጥ ከሆነ ግን ደህና ነው ለማለት አይበቃም፣ ምክንያቱም ተራ ቴስተር በሚሊሰከንድ የሚወርድን ቮልቴጅ አያይም። የፓወር ሰፕላዩን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በማገናኘት ፋኑ ዞረ ብሎ ጤነኛ ነው ማለትም እንዲሁ ነው፤ የሚያሳየው መነሣቱን እንጂ ጭነት መሸከሙን አይደለም።

የመጨረሻው ዳኛ በሚገባ እንደሚሠራ የሚታወቅ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን በጥብቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ኬብል በሌላው ላይ አይሰኩ። ጫፉ ልክ ቢገባም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ከአምራች ወደ አምራች ይለያያል፤ በዚህ ምክንያት 12 ቮልት በ5 ቮልት ቦታ ገብቶ ዲስኮችን ከነፋይላቸው ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አይክፈቱ። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይበት ይችላል። ይህ ሰው የሚገድል ኃይል ስለሆነ ለመጠገን ከመሞከር መቀየር ይሻላል።

ከዚህ ውጭ ያሉትን ምክንያቶች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። የማብሪያ ቁልፉ ተጣብቆ ከቀረ ኮምፒውተሩ ሰው ተጭኖ እንደያዘው ይቆጥረውና ከ4 ሰከንድ ገደማ በኋላ ይጠፋል፤ በመዝገቡ ውስጥ የቁልፉ ጊዜ ከ0 የተለየ ሆኖ ካገኙት የቁልፉን ቀጭን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅለው ይሞክሩት። ካበሩ በኋላ ሊነቅሉት ስለሚችሉ አስቸጋሪ አይደለም። የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ የተጣመመ ፒን አጭር ዑደት ሲፈጥር አንዳንድ ማዘርቦርዶች ገና ሲነሡ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንደሚጠፉ አስጠንቅቀው ይጠፋሉ። ከማዘርቦርዱ ሥር የወደቀ ብሎንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። የራም ችግር በአብዛኛው ሰማያዊ ስክሪንና ዳግም መነሣትን እንጂ ጭልጥ ያለ መጥፋትን አያመጣም፤ ቢሆንም ጥርጣሬ ካለ ራምን የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም ሌሊቱን ማስኬድ በቂ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ መቀየር ብዙ ጊዜ ይመከራል፤ ባለ 3 ቮልቷ ባትሪ ስትደክም ግን ሰዓቱና የባዮስ ቅንብር ይጠፋሉ እንጂ በሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር አይጠፋም።

ጠጋኙ የጠቆመው ማዘርቦርድ ተጠያቂ የሚሆነው መቼ ነው? በተዋሱት ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀቱ ደህና ሆኖ፣ ግራፊክስ ካርዱ ወጥቶ ስክሪኑ ከማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ፣ አንድ ራም ብቻ ቀርቶ፣ የማብሪያ ቁልፉ ሽቦም ተነቅሎ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ነው። ሲፒዩዎ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ግራፊክስ ካርዱን ይተዉትና የቀረውን ይፈጽሙ። በሲፒዩው ዙሪያ ያሉትን ካፓሲተሮች በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካለ ጠጋኙ ልክ ነበር። ሲፒዩውም በዚህ ደረጃ ሊጠረጠር ይችላል፤ ሆኖም ሲፒዩ ከሁሉም ክፍሎች ጥቂት ጊዜ የሚበላሸው ነው።

ምርመራው በእርግጥ ወደዚያ ካደረሰዎት፣ በሚገዙት ማዘርቦርድ ላይ ያለው የሲፒዩ መሰኪያ ከሲፒዩዎ ጋር የሚገጥም መሆኑን፣ ባዮሱ ሲፒዩውን እንደሚያውቀውና የራሙ ዓይነት ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አስቀድመው ያረጋግጡ። የዊንዶውስ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችልም አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጋር ያገናኙት።